ማትሪክ የወለደው ዩኒቨርሲቲ

በአዲስ አበባ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ግምት ይነሣል። ደርግ ወደቀ፣ ነፃ ገበያ መጣ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሆቴል እንደሚከፍት ሁሉ ኮሌጅ ከፈተ፣ ዲግሪም ሸቀጥ ሆነ የሚል ነው። የዘመኑን ቅደም ተከተል ብቻ ካየን ግምቱ ሐሰት አይደለም። የከተማዋ የግል ኮሌጆች የተከፈቱት በእርግጥም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ አብዛኞቹም የተመዘገቡት በንግድ ማኅበርነት ነው። ነገር ግን ነጋዴ ብቻውን ዩኒቨርሲቲ አይፈጥርም፤ ከፍሎ የሚማረው ሰው አስቀድሞ በር ላይ ቆሞ መገኘት አለበት። ያ ሰው ከየት መጣ? ማን አቆመው? ከሙያ ሁሉ ዲግሪን፣ ከዲግሪም ሁሉ አካውንቲንግን ለምን መረጠ? መልሱን ስንፈልግ ታሪኩ ከገበያው አልፎ ወደ መንግሥት ደጃፍ ይወስደናል። የአዲስ አበባ የግል ዩኒቨርሲቲ የተወለደው መንግሥት ራሱ ካጠበበው በር ነው፤ ያደገውም በመንግሥት ጥላ ሥር ነው። ዛሬ የሚታይበት ድክመት በአብዛኛው የመጣው በግል መያዙ ካመጣው ጣጣ ይልቅ ራሱን የቻለ ተቋም ለመሆን መንገድ ከማጣቱ ነው።

ከፍተኛ ትምህርትን ከመንግሥት ውጭ ማደራጀት ለዚህ አገር እንግዳ አልነበረም። ቅኔው፣ ዜማው፣ አቋቋሙና የመጻሕፍት ትርጓሜው ለዘመናት የተሰጡት በየገዳሙና በየደብሩ ነው፤ ተማሪውም የመምህሩን ስም እያጠያየቀ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ ይሻገር ነበር። ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት ካናዳዊው ሉሲየን ማት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ቢሆኑም የመጡት ንጉሠ ነገሥቱ ጠርተዋቸው፣ የንጉሠ ነገሥቱን ሥራ ሊሠሩ ነው። ኮሌጁ አድጎ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት፤ እስከ ዛሬም ስድስት ኪሎ የሚገባ ተማሪ የሚያልፈው በቤተ መንግሥት በር ነው። በዚያ ዘመን ከዚህ መሥመር የወጣው ተቋም አሥመራ ላይ ነበር። የኮምቦኒ ደናግል እ.ኤ.አ. በ1958 ሳንታ ፋሚሊያ በሚል ስም በጣሊያንኛ ማስተማር የጀመረ ኮሌጅ ከፈቱ፤ ኮሌጁም አድጎ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የኢትዮጵያ የግል ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ይህ ምዕራፍ ይዘለላል፤ መዘለሉ ያሳዝናል። የመንግሥት ያልሆነ ዩኒቨርሲቲ በሃይማኖት ማኅበር ተመሥርቶ፣ ትርፍ ሳያስብ፣ በከተማ መካከል ሊቆም እንደሚችል ያሳየ አብነት ነበርና። አብዮቱ ሲመጣ እሱም ወደ መንግሥት እጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ጦርነቱ ሲበረታ ሠራተኛውና ንብረቱ ወደ ባሌ፣ አጋርፋ ተዛወረ።

የቤተ መንግሥቱ በር ግን ሁልጊዜ ጠባብ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና፣ ሁሉም ሰው ማትሪክ ይለው የነበረው፣ ስሙ የትምህርት ፈተና ይሁን እንጂ ሥራው የቦታ ማከፋፈያ ነበር። መግቢያ ነጥቡ የሚወሰነው ተማሪው ባወቀው ልክ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ባለው አልጋና ወንበር ልክ ነው። ኤርትራ ተለይታ ስትሄድ ለአገሪቱ የቀሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ከእነሱ ጎን ጂማ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዋሳና አምቦን የመሰሉ ቦታዎች ላይ ጥቂት ኮሌጆችና ኢንስቲትዩቶች ነበሩ። ከዚያ የተረፈው ወጣት «ማትሪክ አልመጣለትም» ተብሎ ይቀራል። ይህ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ለመክፈት ምክንያት አይሆንም ነበር፤ ያለ ዲግሪ የሚያኖር መንገድ ቢኖር ኖሮ። መንግሥት ግን ትልቁ ቀጣሪ ሆኖ ደመወዝን፣ ደረጃንና የደረጃ ዕድገትን ከትምህርት ማስረጃ ጋር አስሮ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ መዝገብ ቤት የገባ ጸሐፊ ሃያ ዓመት ቢያገለግል፣ ሥራውን ከአለቃው ይልቅ ቢያውቀው፣ ወረቀት ከሌለው ካለበት ንቅንቅ አይልም። አንዱ እጅ በሩን አጠበበ፤ ሌላው እጅ ከበሩ ወዲያ ያለውን የኑሮ መሠረት አደረገው። በመካከሉ የተከማቸው ሕዝብ ነው በኋላ የግል ኮሌጅ ተማሪ የሆነው።

ያ ሕዝብ ገበያውን ሲጠብቅ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከአብዮቱ በፊት ጀምሮ አዲስ አበባ የማታ ተማሪ ከተማ ነበረች። ብርሃንህ ዛሬ ነውን የመሰሉ የማታ ትምህርት ቤቶች ቀን ሥራ የዋለውን ሰው ያስተምሩ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ራሱ ኤክስቴንሽን በሚባለው የማታ መርሐ ግብር ከፋይ ተማሪ ይቀበል ነበር። የሰንጋ ተራው የንግድ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ፣ የባንኩን፣ የመድኑንና የየመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ ሠራተኛ ሲያወጣ ኖሯል። ከፍሎ መማርን የግል ኮሌጆች ያመጡት አዲስ ነገር አድርጎ የሚያቀርበው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከሥራ ወጥቶ፣ ደብተር ይዞ፣ ታክሲ ተጋፍቶ ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ የሚማረውን ሠራተኛ ያስለመደው መንግሥት ነው፤ ክፍያውንም የለመደው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ነው። የግል ኮሌጁ ያደረገው ቦታ ማስፋት ነው።

የግል እጅ ወደዚህ ሥራ ለመግባት የፖለቲካ ለውጥ ያስፈለገው ደርግ በሩን ስለዘጋው ነው። በ1968 ዓ.ም. መባቻ የግል ትምህርት ቤቶች በአዋጅ የሕዝብ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል የግል ከፍተኛ ትምህርትን ማሰብ እንኳ አይቻልም ነበር። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የግል ባለሀብቱን ጋበዘ። የዛሬው ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆኖ ጀምሮ ነበር፤ አጀማመሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። በዚያ ሰዓት ያለ ዩኒቨርሲቲ ፈቃድ ሊሸጥ የሚችለው፣ ከተሜውም ለሥራ የሚፈልገው ትምህርት እንግሊዝኛ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1998 ኮሌጅ ሆነ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ2008 ደግሞ ከግል ተቋማት ሁሉ ቀድሞ የዩኒቨርሲቲነት ማዕርግ አገኘ፤ ዛሬ ዋና ካምፓሱ ገርጂ ሲሆን የሚድሮክ ኩባንያዎች ቤተሰብ አባል ነው። ቅድስት ማርያምና አድማስ የተባሉት ኮሌጆችም ሥራ የጀመሩት በዚያው በ1998 ነው። ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ለመባል እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ጠበቀ። የመሰላሉ ደረጃዎች፣ ከኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ የተሠሩት በመንግሥት ነው፤ እያንዳንዱን ርምጃ የሚፈቅደውም እሱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የአግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን ሲያቋቁም ይህ ግንኙነት ቋሚ ቅርጽ ያዘ፤ የኤጀንሲው ሥራ ዛሬ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እጅ ነው።

በእነዚህ ኮሌጆች ውስጥ የተሰጠውን ትምህርት ስናይ የመንግሥት ጥላ ይበልጥ ይጎላል። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው ወደ አሥረኛ ክፍል ወርዶ፣ መሰናዶ ያልደረሰው ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሄድ ተወሰነ። አስር ሲደመር አንድ፣ ሲደመር ሁለት፣ ሲደመር ሦስት እየተባለ የተጠራው ሥልጠና የግል ኮሌጆቹን ክፍሎች የሞላው ያኔ ነው። አካውንቲንግ፣ ሴክሬታሪያል ሳይንስ፣ ኮምፒውተር፤ ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሰሌዳና ጥቂት ማሽን ካለ የሚሰጡ ትምህርቶች። ቀጥሎ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና መጣ፤ ኮሌጆቹም ትምህርታቸውን በምዘናው ልክ ሰፉት። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ መንግሥት የራሱን ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ ሰባ በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ አደረገው። ንግድና አስተዳደር መማር የሚፈልገው ወጣት ወደ ግል ተገፋ። የግል ኮሌጅ የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ያመርታል ብለን ስንወቅስ ይህን መርሳት የለብንም፤ ላቦራቶሪ ያለውን ትምህርት የያዘውም፣ ሌላውን የለቀቀውም መንግሥት ነበር። የሕክምናው ዘርፍ በመጠኑ ይለያል። ሐያትና የኮሪያ ሆስፒታል በሚል ስም የሚታወቀው ምዩንግሱንግ የጀመሩት ከሆስፒታል ጋር ተያይዘው ነው፤ በሽተኛ፣ መሣሪያና ሐኪም አስቀድመው ነበሯቸው። ትምህርት ሌላ ቋሚ መሠረት ላይ ሲቆም ምን እንደሚመስል የሚያሳዩትም እነሱ ናቸው።

ቋሚ መሠረት የሚለው ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እዚህ ያለ ይመስለኛል። በሌላው ዓለም አንጋፋ የሆኑት የግል ዩኒቨርሲቲዎች በክፍያ ብቻ አልተሠሩም። ባለጸጋ መሬት ተናዘዘላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ርስት ሰጠቻቸው፣ ማኅበር ገንዘብ አዋጣላቸው። በአካባቢያችን ያሉ አገሮችም ቢሆኑ በዚህ መንገድ ሄደዋል። የኡጋንዳ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 ሙኮኖ ላይ ሲመሠረት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የቆየ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ግቢ ነበረው፤ በዚያው በኡጋንዳ የእስልምና ዩኒቨርሲቲም በ1988 ምባሌ ላይ ቆሟል። በእኛ አገር ግን በ1967 ዓ.ም. የገጠሩ መሬት በየካቲት፣ የከተማው መሬትና ትርፍ ቤት በሐምሌ ወደ መንግሥት ዞሩ። አዋጆቹ ለጭሰኛውና ለተከራዩ ያመጡትን ፍትሕ የማቃለል ፍላጎት የለኝም። ሆኖም አንድ ውጤታቸው እምብዛም አይነገርም፤ ዩኒቨርሲቲ ሊያቋቁም የሚችለውን ማኅበራዊ ኃይል ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያንን፣ መኳንንቱን፣ ባለጸጋውን ነጋዴ፣ በአንድ ዓመት ባዶ እጁን አስቀሩት። የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ እንኳ በደርግ ዘመን ተዘግቶ የተከፈተው ከለውጡ በኋላ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ በኋላም መሬት ከመንግሥት የሚገኝ፣ ዋጋ የሚከፈልበት ነገር ሆነ። ስለዚህ ፖሊሲው የግሉን ዘርፍ ሲጋብዝ ግብዣውን ሊቀበል የቻለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚያቋቁም፣ ፎቅ የሚከራይ ግለሰብ ነበር። ከታች ባንክና ካፌ፣ ከላይ መማሪያ ክፍል ያለበት ሕንፃ የከተማዋ መልክ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በየወሩ የሚከፈል ኪራይ በየወሩ የሚከፍል ተማሪ ይጠይቃል፤ ቤተ መጻሕፍትና ምርምር ደግሞ በየወሩ ምንም አያስገቡም።

እንዲህ ያለ ተቋም ምን ያህል በሌላ ሰው እጅ እንዳለ የታየው በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ነው። መንግሥት የርቀት ትምህርትን በሙሉ አገደ፤ የግል ተቋማትም ሕግና መምህርነትን እንዳያስተምሩ ከለከለ። ምክንያቱ የጥራት መውደቅ ነው ተባለ፤ በርቀት ትምህርቱ ላይ ቅሬታ እንደነበረም እውነት ነው። ግን ውሳኔው ደህናውን ከመጥፎው አልለየም። ቅድስት ማርያም ከሕንዱ የኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በርቀት እስከ ማስተርስ የሚያስተምር ተቋም ነበር፤ ሞጁል አሳትሞ በየክልሉ ማዕከል የከፈተ ሁሉ ከአንድ ክፍል ኮሌጅ ጋር አብሮ ታገደ። ከወራት በኋላ የርቀቱ እገዳ በቅድመ ሁኔታ ሲላላ ጉዳዩ ያለፈ መሰለ። ከውሳኔው የተወሰደው ትምህርት ግን አልጠፋም። ባለቤት የሆነ ሰው ሁሉ ለአሥር ዓመት የሚታሰብ ሥራ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አደጋ መሆኑን ተማረ፤ አንድ ደብዳቤ ፋኩልቲ ሊዘጋ ከቻለ ቶሎ የሚመለስ ነገር ላይ መሥራት ይሻላልና። ለትርፍ መቸኮል የባለቤቶቹ ጠባይ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። የሕጉ አለመጨበጥ ያሳደገው ጠባይም ነው።

በዚህ ክርክር ላይ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ከባህል የሚመጣ ነው። በእኛ ዘንድ ዕውቀት አይሸጥም፤ የቆሎ ተማሪ ለምኖ በላ እንጂ ለየኔታ የወር ክፍያ አልከፈለም ይላል። ክብደት ያለው ነገር ነው፤ በቀላሉ መታለፍም የለበትም። ሆኖም ያ ሥርዓት ያለ ሀብት የቆመ አልነበረም። መምህሩ የደብሩን መሬት ይበላ ነበር፤ ተማሪውን የሚመግበው ገበሬ ነበር፤ በጀቱ በየቤቱ ደጃፍ ተበትኖ ስለነበር ብቻ አይታይም። ባህላችን የሚያስተምረን ከፍተኛ ትምህርት ከተማሪው ኪስ ውጭ ሌላ ምንጭ እንደሚያስፈልገው ነው። ይህ የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አይቃረንም፤ የግል ዩኒቨርሲቲያችን ጉድለት ያ ሌላ ምንጭ ማጣቱ ነውና። ነፃ ይባል የነበረው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ደንብ ተመራቂው ከደመወዙ መልሶ የሚከፍልበት ሆኗል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም ዘርፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ አለፉ። እነዚህን ቁጥሮች አለባብሶ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። በከፊል የሚገልጿቸው ምክንያቶች አሉ። የግሉ ተቋም የሚቀበለው መንግሥት መርጦ የተረፈውን ተማሪ ነው፤ ብዙው ሥራ ውሎ ማታ የሚማር ነው፤ አስተማሪውም ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሰዓት እየተከፈለው የሚመጣ ሰው ነው። አማካዩ በጠንካራና በደካማ ተቋም መካከል ያለውን ርቀት ይሸፍናል። ግን ተማሪው ደካማ ሆኖ ገባ ማለት ሦስትና አራት ዓመት ክፍያ ሲቀበል የኖረውን ተቋም ነፃ አያወጣም። ድክመቱን ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ያወቀ ኮሌጅ ወይ ማገዝ ነበረበት ወይ እውነቱን ነግሮ ማሰናበት። ከአምስት ተፈታኞች ከአንድ በታች የሚያልፍበት ሥርዓት ቤተሰብን ያታለለ ሥርዓት ነው። ልጄን ባስተምር ብላ እንጀራ ጋግራ ስትሸጥ የኖረችው እናት የከፈለችው ገንዘብ አይመለስም። ይህን የምለው ከላይ ያልኩትን ሳልተው ነው። ዕውቅናውን የሰጠው፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ያጸደቀው፣ ለዓመታት ፈቃዱን ያደሰው መንግሥት በውጤቱ ቀን ፈታኝ ብቻ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ራሱ መርጦ፣ መኝታና ምግብ ችሎ ካስተማራቸው ከሦስት አንድ በላይ መውደቃቸውም ለብቻው የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው።

ደካማው ብቻ ሲወራ የተሠራው ይረሳል። አድማስ ሐርጌሳ ላይ ካምፓስ ከፍቶ የኢትዮጵያን የግል ትምህርት ወደ ጎረቤት አሻግሯል። ቅድስት ማርያም በአፍሪካ የግል ከፍተኛ ትምህርት ላይ በየዓመቱ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ ስለ ራሱ ዘርፍ በጥናት የሚያስብ ተቋም እንዳለ የሚያሳይ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የባንኮቻችንን ቅርንጫፎች፣ የክፍለ ከተሞችን ፋይናንስ ክፍሎች፣ የንግድ ድርጅቶችን ሒሳብ ክፍሎች ማን እንደሚያንቀሳቅስ ማየት ነው። ማትሪክ የዘጋባቸው፣ ማታ የተማሩ ሰዎች እዚያ ሞልተዋል።

አሁን የዘርፉ መሠረት እየተናወጠ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከኩረጃ ተጠብቆ ከተሰጠ በኋላ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 በመቶ ገደማ ሆኑ፤ በዓመቱም አልተሻሻለም። የማለፊያው ነጥብ ለግሉም ስለሚሠራ ማትሪክ የሚተርፈውን ሕዝብ እንደ ድሮው ለግል ኮሌጅ አያስረክብም፤ አብዛኛውን ውጭ ያስቀራል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ተቋማቱን በዳግም ምዝገባ ሲያጣራ ቆይቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ.ም. በወጣው የራስ ገዝ አዋጅ መሠረት የራሱን መግቢያ ፈተና እየሰጠ በመደበኛው መርሐ ግብር ከፋይ ተማሪ መቀበል ጀምሯል፤ ስሙን፣ ግቢውንና ሰባ ዓመቱን ይዞ ለዚያው ከፋይ ቤተሰብ ይወዳደራል። የተከራየ ፎቅና የአንድ ባለቤት ፊርማ ይህን ውድድር አይችሉትም። ሊችል የሚችለው ቋሚ አስተማሪ የቀጠረ፣ በባለአደራ ቦርድ የሚመራ፣ ትርፉን ወደ ቤተ መጻሕፍቱና ወደ ላቦራቶሪው የሚመልስ ተቋም ነው። መሬቱን በሊዝ የሚሰጠው፣ ዕውቅናውን የሚፈርመው፣ ፈተናውን የሚያወጣው መንግሥት ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ተቋም ቦታና ዘላቂ ሕግ መስጠት የእሱ ድርሻ ነው። ባለቤቶቹም ቢሆኑ አስተዳደሩን ከቤተሰባቸው እጅ አውጥተው ለቦርድ ለማስረከብ አዋጅ የሚጠብቁበት ምክንያት የለም።